ማርሚታው የተጣለለት መኪና ኃይል ያገኛልን?

ያረጀ የመስክ መኪና ዳገት ላይ ሲለግም ጥፋቱ የማርሚታው ነው የሚል እምነት በደምበጫ መኪና ጠጋኞች ደጃፍ በሰፊው ይነገራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሚታ ጢሱ እንደ ልቡ እንዳይወጣ የሚያግድ ማነቆ ነው፤ ተቆርጦ ተጥሎ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ቢበየድ ሞተሩ ይተነፍሳል፥ መኪናውም እንደ ወጣትነቱ ይጋልባል ይላሉ። ማስረጃቸው ድምፅ ነው። ማርሚታው የወጣለት ላንድሮቨር ከጂጋ በኩል ሲመጣ ገና ሳይታይ ይሰማልና፥ እንዲህ የሚያገሣ ነገር ጉልበት የለውም ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ይህንኑ ጉዳይ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አነሣው። አባቱ ሾፌር ናቸው። «መምህር፥ ማርሚታ ሲወጣ ኃይል ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእነዚህ መኪናዎች የኋላ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ወደ ገጠር የሚሄደው የግብርና ባለሙያው፥ የጤና ሠራተኛው፥ አዲስ የተመደበው አስተማሪና ለበዓል ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተማሪ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ እንደሚታየው የቱቦው ነገር ከመኪናው ይልቅ ለእነዚህ ሰዎች ይከፋል።

መልሱ ከሞተሩ በፊት ከአገሩ ከፍታ ይጀምራል። ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 80 እጅ አይሞላም። ሞተር ጉልበቱን ከቤንዚን ብቻ የሚያገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከሳሳ ሲሊንደሩ በአንድ ጉርሻ የሚወስደው አየር ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በወደብ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ደምበጫ ሲደርስ 55 ያህል ይቀርለታል። ወደ ደጋ ዳሞት፥ ወደ ፈረስ ቤት ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ዐሥራ አምስቱን ፈረስ የወሰደውን ይህን ሌባ በመጋዝ ቆርጦ የሚጥል መካኒክ የለም።

ከፍታው ሌላም ሥራ ይሠራል። የአሮጌው መኪና ካርቡራተር ለቆላው ተለክቶ የተሠራ ከሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ከልኩ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፥ ጢሱ ይጠቁራል፥ ሾፌሩም «ታነቀ» ይላል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ፍሬ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የማያልፍ ነገር ሆኖ ሳለ መጋዝ የሚያነሣው ሰው እንደሚበዛ አይቻለሁ፤ ለምን ቢባል መጋዝ ድምፅ ያመጣል፥ የነሐስ ፍሬ ግን አያመጣም።

ታዲያ ማርሚታው ምንም አይወስድም ወይ? ይወስዳል፤ ነገር ግን መቼ እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል። በቱቦ ውስጥ የሚሄድ ጢስ የሚገጥመው ተቃውሞ በፍሰቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲዞር የነበረው ማነቆ 2,000 ዙር ላይ ወደ ሩብ ይወርዳል። የቀድሞው ላንድሮቨር ከፍተኛ የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በ4,000 ዙር ገደማ ነው። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ካምቢዮ ዳገት የሚወጣው ግን በ2,000 ገደማ ነው። እንግዲህ ጉልበት በሚያስፈልግበት በዚያ ቦታ ማርሚታው የሚይዘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በእርግጥ ቱቦው ድንጋይ መትቶት ከተጨፈለቀ፥ ወይም የማርሚታው ውስጠኛ ክፍል ዝጎ ተናዶ መተላለፊያውን ከዘጋ ማነቆው እውነት ነው። ያን ጊዜም ሥራው የተበላሸውን በደኅናው መተካት ነው።

ማርሚታ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፥ ትርጉሙ ድስት ማለት ነው። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ጓርኒሲዮን፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ቋንቋ ወርሰን በጋራዥ ያስቀረናቸው ቃላት ናቸው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሸሽ የነበረው የጣልያን ጦር ብረት ለበስ መኪናዎች ጭምር ይዞ በዚሁ በደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ጋር ተጋጥሟል። ጦሩ አለፈ፤ የመኪናው ስም ዝርዝር ግን ቀረ። ድስት መባሉም ተገቢ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር 2,000 ዙር ሲዞር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ትኩስ ጢስ ይተፋል፤ እያንዳንዱ ትፋት እንደ ትንሽ ተኩስ ነው። ድስቱ ውስጥ የተበሳሱ ቱቦዎችና ግድግዳዎች አሉ። ጢሱ ወደ ሰፊው ቦታ ሲገባ ይለጠጣል፥ ይበርዳል፥ ተኩሱም እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይበርዳል። በመውጫው የሚሰማው የቀረው ነው።

የዚህ ሁሉ ቱቦ ዋና ሥራ ግን ድምፅ ማብረድ አይደለም፤ መርዝን ከሰው አርቆ መጣል ነው። በክረምት ከሰል በተዘጋ ቤት አስገብተው ሲተኙ ስለሚሞቱ ሰዎች ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ያ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው፤ ከመኪናም የሚወጣው ይኸው ነው። ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚሄደውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል አጥብቆ ይይዛል። የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ይህን አየር አብዝቶ ያወጣል፤ ከላይ እንዳልነው ደግሞ በእኛ ከፍታ አሮጌ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። በዚያ ላይ በደጋ የሚተነፈሰው ኦክሲጅን ከመነሻው ያነሰ ነው። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ወንበር ላይ ይገናኛሉ።

መርዙ በሁለት መንገድ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። አንደኛው ከሥር ነው። ቱቦው ከመቀመጫው በታች ከተቀደደ ጢሱ በወለሉ ቀዳዳ፥ በካምቢዮው ዙሪያ፥ በፔዳሉ ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ከኋላ ነው፤ ይህኛውን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። የላንድሮቨር ኋላ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግድግዳ ስለሆነ መኪናው አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ በስተኋላው ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያም በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። በበጋ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። አቧራው በገባበት በር ጢሱም ይገባል። ማርሚታው ተጥሎ ቱቦው ከመኪናው ሆድ ሥር ሲያጥር ደግሞ መንገዱ ጭራሽ ተከፈተለት ማለት ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ ለሥራ ወደ ገጠር ስትሄድ ከተሳፋሪዎቹ ሁለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው፥ በተለይም ሕፃናት ያለ ሰዓታቸው እንቅልፍ ከጣላቸው፥ መኪና ስላልለመዱ ነው ብለህ አትለፈው። ሾፌሩን በትሕትና አስቁመህ ሰውን ወደ ንጹሕ አየር አውርድ። መንገድ ስትቀጥሉ የኋላው ሸራ ወይም በር ተዘግቶ የፊቱ መስኮት ይከፈት። የኋላውን ብቻ ከፍቶ መሄድ አየር የሚያስገባ ይመስላል፤ የሚያስገባው ግን ጢሱን ነው።

እነዚህ መኪናዎች ካረጁ ለምን አይተዉም የሚል አይጠፋም። የሚተካቸው ሲገኝ አይደለም ወይ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። የገጠሩ መንገድ የሚፈልገው በአራት ጎማ የሚጎትት፥ በየሰፈሩ ሊጠገን የሚችል መኪና ስለሆነ፥ ያለው ሰው ያለውን እየጠጋገነ መኖር ግድ ሆኖበታል። ላንድሮቨርም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ እንግሊዝ ከጦርነቱ ወጥታ ብረት በራሽን የምታድልበት ዘመን ነበርና ገላው ከአሉሚኒየም ተሠራ። ከዚያ ዘር የመጨረሻው መኪና ከፋብሪካው የወጣው በጥር 2016 በዚያው አቆጣጠር ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ስለማይዝግ የአርባና የሃምሳ ዓመት ላንድሮቨር ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። አንጀቱ ግን ብረት ነው።

አንጀቱ የሚበላውም ከውጭ ጭቃ ብቻ አይምሰለን። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወልዳል። ሞተሩ በደንብ ሲግል ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ መኪናው ከገበያ እስከ ወፍጮ ቤት ደርሶ የሚቆም ከሆነ ግን ውኃው ማርሚታው ውስጥ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በጠዋት ከቱቦው ጫፍ ሲንጠባጠብ የሚታየው ይኸው ነው።

የዚያ ተማሪ አባት ላንድሮቨራቸውን በበጋው ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዱት፤ እኔም ሁለት ቅዳሜ ቆሜ ተመለከትሁ። ሾፌሩ የመጡት ማርሚታውን ለማስጣል ነበር። «አያ፥ ይህን ነገር ቁረጡልኝና ልገላገል» አሉ። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ሞተሩን አስነሡት፤ ወፍራም ጨርቅ አጣጥፈው በቱቦው ጫፍ ላይ ለአፍታ አፈኑትና «ስማ» አሉ። ቱቦው ጤነኛ ቢሆን ጢሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩ በጠፋ ነበር። አልጠፋም። ከሦስት ቦታ ፉጨት ተሰማ። አንዱ ከሞተሩ ጎን፥ የአራቱን ሲሊንደሮች ጢስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ ከሚያወርደው ማኒፎልድ ሥር ነበር፤ ሁለቱ ከፊት ወንበር በታች። «መምህር፥ ጥቁሩን ይመልከቱ» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ጢስ የሚያፈስ መጋጠሚያ ዙሪያውን ጥላሸት ይጽፋል።

ማኒፎልዱን ለማውረድ አንድ ቀን ፈጀ። ቡሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ሽማግሌው ናፍጣ አጠጥተው አሳደሯቸው፥ በማግሥቱም አሙቀው ፈቷቸው። በጉልበት የሚፈታ ሰው እዚህ ላይ ይሰብራቸውና ሥራው በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ፊቱን በሞረድ አስተካክለው አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡ፤ ሲያጠብቁም ከመካከል ጀምረው ወደ ዳርና ዳር ሄዱ። ሞተሩ ግሎ ከበረደ በኋላ እንደገና አጠበቁት። ይህችን ሁለተኛ ማጥበቅ ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ጠዋት ሞተር ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚል፥ ሲግል ደግሞ የሚጠፋ ድምፅ ያለበት መኪና ከተገኘ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ክፍተቱን ለጊዜው ይዘጋዋልና።

ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙት ነገር ፊታቸውን አስቋጠራቸው። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው የቀጠለው ቱቦ ለቧንቧ ውኃ የሚዘረጋው በዚንክ የተለበጠ ነበር። ከባድ ነው፥ ግድግዳው ወፍራም ነው፥ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጢስ በያጁን ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስይዘዋል። ያን አውጥተው ጣሉትና ስስ ግድግዳ ያለው የብረት ቱቦ አመጡ። ማጠፊያ መሣሪያ አልነበራቸውም። ቱቦውን በእሳት ዳር የደረቀ አሸዋ ሞልተው ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ደፈኑ፤ መታጠፊያውን አግለው ቀስ ብለው አጠፉት። አሸዋው በውስጥ ስለደገፈው ጉልበቱ ላይ አልተጨፈለቀም። አሸዋው እርጥበት ካለው ግን እንፋሎቱ መድፈኛውን እንደ ጥይት ይወረውረዋል፤ ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ያደረቁት። አባቶቻችን ቀጥቃጭ እያሉ ያርቁት የነበረውን የእጅ ጥበብ ዛሬ ሰልፍ ይዘን የምንለምነው መሆኑን እዚያ ቆሜ አስቤአለሁ።

ማርሚታውን ከወደቀ ላንድ ክሩዘር አገኙት። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ውስጡ አለመናዱን አዳመጡ፤ ሆዱ ዝቅ በሚልበት ቦታም ውኃው የሚወጣባት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀዳዳ በሱለት። አሰቃቀሉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስደነቀኝ። ሾፌሩ በብረት ከሻሲው ጋር እንዲበየድላቸው ፈልገው ነበር፤ ሽማግሌው ከአሮጌ ጎማ የተቆረጡ ማንጠልጠያዎች አደረጉለት። ሞተር በእግሮቹ ላይ ዘወትር ይወዛወዛል፤ ቱቦው በሻሲው ላይ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ያ ውዝዋዜ ሄዶ ሄዶ ማኒፎልዱን ይሰነጥቀዋል። ጎማው ግን አብሮ ይሄዳል። ከዚያም ቱቦው ከፍሬንና ከቤንዚን መስመር መራቁን፥ በድንጋያማ መንገድም ከአክሱሉ በታች አለመውረዱን ተኝተው አዩ። በመጨረሻም ጫፉን ከመኪናው ገላ አልፎ ወደ ጎን እንዲተፋ አረዘሙት።

ማርሚታን ለማስጣል ለሚቸኩል ሰው ሽማግሌው የነገሩኝን አንድ ነገር ልጨምር። ከኅዳር እስከ ጥር በየአውድማው ዳር ክምር ቆሞ፥ ጭድ በየመንገዱ ተበትኖ ይከርማል። ከባዶ ቱቦ የሚወጣ ጥላሸት አንዳንድ ጊዜ ፍም ሆኖ ይተፋል፤ ድስቱ ሲኖር ፍሙ እዚያው ተጋጭቶ ይጠፋል። የገበሬ የዓመት እህል የተከመረበት አጠገብ የሚያልፍ መኪና ይህን ማሰብ አለበት። ፈረሱ ደንብሮ ጋሪ የገለበጠበትን ነገር ማንሣት አያስፈልገኝም፤ የደምበጫና የፍኖተ ሰላም ሰው ያውቀዋል።

ሰፊ ቱቦ በእውነት የሚጠቅመው መኪና የለም ወይ ለሚል፥ አለ። በጢሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ከቱርቦው በኋላ ያለው መውጫ ሰፋ ቢልለት ይወዳል። እንዲያውም ከፍታው የወሰደውን አየር ለመመለስ የሚቻልበት ትክክለኛው መንገድ ቱርቦ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ባለ 4.2 ሊትር፥ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የቀድሞ ላንድ ክሩዘር ግን ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የወጣ ነውና ቱቦውን በማስፋት ብቻ ብዙ አያተርፍም።

ላንድሮቨሩ ከተጠገነ በኋላ ወደ ፈረስ ቤት ወጥቶ ተመለሰ። ሾፌሩን ስለ ጉልበቱ ጠየቅኋቸው። «ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ በዚያው በሁለተኛ ነው የወጣሁት» አሉኝ። ከኋላ የተሳፈሩት ግን በዚያ ቀን አንድም ሰው ራሴን አላለም፤ ልጅ ያዘሉ አንዲት እናትም እስከ መጨረሻው ሲያወሩ ነበር። ሾፌሩ አንድ ቅሬታ አላቸው። ድሮ ድምፁን ሰምቶ ከየመንደሩ እየሮጠ ወደ መንገድ ይወጣ የነበረው ሰው አሁን መምጣታቸውን ስለማይሰማ፥ በየመታጠፊያው ክላክስ መንፋት ሆኗል ሥራቸው።